ከመቶ ኪሎ ድንጋይ አርባ አራቱ

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ የጠቆረ ግድግዳውን ሊቀባ ኖራ ገዝቶ መጣ። በግማሽ በርሜል ውስጥ ገለበጠና ውሃ አፈሰሰበት። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የደም ግፊት ክኒኔን ልውጥ ነበር። በርሜሉ መጀመሪያ ፉ አለ፤ ከዚያ መንተክተክ ጀመረ፤ ነጩ እንፋሎትም አጥሩን ተሻግሮ አፍንጫዬ ስር ደረሰ። የኖራ ሽታ ለማያውቀው ሰው ምንም አይደለም፤ የረጠበ ድንጋይ፣ ትንሽ አመድ፣ ትንሽ ጉሮሮ የሚከረክር ነገር። እኔ ግን ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ ቤት ገባሁና መስኮቱን ዘጋሁ። በካርቱም ሙቀት መስኮት መዝጋት ጤነኛ ሰው የሚያደርገው አይደለም። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል፣ «ኡስታዛ! ተማም?» ብሎ ተጣራ፤ መምህርት፣ ደህና ነሽ ማለቱ ነው። «ተማም፣ ተማም» አልኩት።

የምኖርባት ባሕሪ፣ የካርቱም ሰሜኑ ክፍል፣ ከጦርነቱ ወዲህ ግማሿ ባዶ ናት። ፋብሪካዎቹ ጣሪያቸው ተገፎ ሰማይ ያሳያሉ፤ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰውም መጀመሪያ የሚያደርገው በር መግጠምና ግድግዳ ነጭ መቀባት ነው። እኔ የመጣሁባት ባሕሪ ሌላ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ከድልድዩ ማዶ ይጎርፋል፤ የሳሙናው ፋብሪካ ሽታና የብስኩቱ ፋብሪካ ሽታ አንድ ማዕዘን ላይ ይገናኛሉ፤ እዚያ ማዕዘን ላይ ሳልቆም አልፌ አላውቅም። አንድ ሰሃን ፉል ከነሰሊጥ ዘይቱ በሃምሳ ቅርሽ ይበላ ነበር። ሱቅ ዐረቢ ወደሚባለው ገበያ የሄድን እንደሆነ ካሴት ሻጩ የሱዳኑን ዘፈን በአንዱ ድምፅ ማጉያ፣ የእኛን ትዝታ በሌላው ይለቀዋል፤ ቅኝታቸው ስለሚቀራረብ አንዱ ሌላውን አይረብሽም ነበር። ልጆቻችን ከመጡ በሳምንታቸው ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ረጅም ጨርቅ፣ መጠቅለል ይለምዳሉ። እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ መንገድ ላይ እየተፈታብኝ፣ የማላውቃቸው ሴቶች እየሳቁ ያስሩልኝ ነበር። ብርቱካናማ ቶብ ነበረኝ፤ ጫፉ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት። እንደዚያ ያለ ጨርቅ ዛሬ የለም።

ከመምጣቴ በፊት ደሴ አራት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ሰው ሁሉ በሚወጣበት ጊዜ እኔም ወጣሁ። ካርቱም ውስጥ ያገኘሁት ሥራ ባሕሪ አንድ መድኃኒት ቤት ብልቃጥ ማጠብና መደርደሪያ መጥረግ ነበር። እጄ ጠመኔ ናፈቀው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል፣ የተጣለ በር ጥቁር ቀብቼ፣ ግድግዳ አስደግፌ ማስተማር ጀመርኩ። ተማሪዎቼ ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም በሰው ቤት የሚሠሩ፣ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ግማሽ ቀን ብቻ ስለሆነች ያቺን ግማሽ ቀን ለኔ መስጠታቸው እስካሁን ይገርመኛል። አንዳንዷ እጇ ላይ የበረኪና ሽታ ሳይለቅ ትመጣለች።

ሰዓዳ ከነዚህ አንዷ ነበረች። ከባቲ አካባቢ የመጣች፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ስትናገር ዓይኗን የምትጨፍን። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ አቋርጣ ነው የወጣችው፤ ፈተናውን አልፋ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። እናትና አባቷ ስለሞቱ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ኢድሪስ ነው። ድንበሩን ያሻገራትም እሱ፣ ደብተርና እስክርቢቶ የሚገዛላትም እሱ። ኢድሪስ ባሕሪ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ አንድ የኖራ ማቃጠያ፣ እዚህ ከሚና በሚሉት ምድጃ ላይ ይሠራ ነበር። ትምህርቱ ሳያልቅ ሊወስዳት ይመጣና በሩ ውጭ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። ቅንድቡና የጆሮው ጠጉር ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ ሰዓዳ ታፍርበትና በሻሿ ጫፍ ታራግፍለታለች። ግባና ተቀመጥ ስለው፣ «መዓሊሽ፣ ይቅርታ ኡስታዛ፣ ክፍልዎን አቆሽሻለሁ» ይላል። ግን ውጭ ሆኖ ይሰማ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ እኔ ስጠይቅ ልጆቹ ዝም ካሉ፣ ከበሩ ጀርባ መልሱ በቀስታ ይመጣል።

አንድ ዓርብ ግን አልጠበቀም፤ መሀል ላይ በሩን ገፍቶ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኡስታዛ፣ ሌባ ተባልኩ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምድጃውን በዚያ ሰሞን አንድ ሐጅ ገዝተውት ነበር። ሐጁ ዕድሜያቸውን ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ስለ ኖራ ምንም የማያውቁ ሰው ናቸው። በጨርቅ ደግሞ የገባው ሜትር ያህል ይወጣል። ሃምሳ ኩንታል ድንጋይ በሚዛን አስገቡ፤ ሲቃጠል ቆይቶ ኖራው ሲወጣ መዘኑት፤ ሃያ ዘጠኝ ኩንታል ሆነ። ሃያ አንዱ የት ሄደ? አጥር እየዘለላችሁ ሸጣችሁታል አሉ። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ደግሞ ከሠራተኞቹ ሁሉ ቀድሞ የሚጠረጠረው ኢድሪስ ነው። እስከ እሁድ ሃያ አንዱን ኩንታል ካላመጣህ ለፖሊስ እሰጥሃለሁ አሉት። ለፖሊስ መሰጠት ማለት እስር፣ ከዚያም በመኪና ተጭኖ ወደ ድንበር ነው። ሰዓዳ እዚህ ብቻዋን ልትቀር ነው።

«ድንጋዩ ሲቃጠል እንደሚቀልል እኛ እናውቃለን» አለ ኢድሪስ፤ «ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ግን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ወላሂ አንድ ፍሬ አልነካሁም።»

ጠመኔዬን አነሳሁ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ የማውቀው ነገር ለሰው ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ነው። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው አልኩ። ካልሲየሙ አርባ፣ ካርቦኑ አሥራ ሁለት፣ ሦስቱ ኦክስጅን አርባ ስምንት፤ ድምሩ መቶ። እሳት ሲያገኘው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ካልሲየም ኦክሳይድ ነው፣ ይኸው ኖራችሁ፤ አርባና አሥራ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት። የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ አሥራ ሁለትና ሠላሳ ሁለት፣ አርባ አራት። ስለዚህ ከመቶ ኪሎ ድንጋይ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ኖራ ይወጣል፤ አርባ አራቱ ይሄዳል። ሰዓዳን ጠርቼ፣ «ለሃምሳ ኩንታል አንቺ አስሊው» አልኳት። ጠመኔውን ተቀብላ ጻፈች፤ ኖራ ሃያ ስምንት፣ ጋዝ ሃያ ሁለት። እንግዲህ ሐጁ መዝነው ያገኙት ሃያ ዘጠኝ ነው። አንዱ ኩንታል ትርፍ በደንብ ያልተቃጠለ ድንጋይ መሆን አለበት። እንኳን ሊጎድል ተርፎ ነበር።

ኢድሪስ ሰሌዳውን አየና፣ «አርባ አራቱ የት ነው የሚሄደው?» አለ።

«ይበናል። ነፋስ ይወስደዋል» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ብርቱካናማዋን ቶብ ለብሼ ከሁለቱ ጋር ወደ ሐጁ ሄድኩ። ሐጁ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተታለሉ የመሰላቸው ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ ቁጥር ወረቀት ላይ እንደፈለጉ ይጻፋል አሉኝ። እንግዲያው እርስዎ በእጅዎ አንድ ኪሎ ድንጋይ ይመዝኑ፣ ክዳኑ በተበሳ ቆርቆሮ ያሽጉት፣ ምልክት ያድርጉበት፣ እሳት ውስጥ ያስገቡት አልኳቸው። አደረጉት። በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮው ሲከፈት መድኃኒት ቤቴን አስፈቅጄ ሄጄ ነበር። በራሳቸው ሚዛን አምስት መቶ ሰባ ግራም ሆነ። ሐጁ ሚዛኑን መቱት፣ ደገሙት፣ ያው ነው። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ እኔ የሸጥኩት ጨርቅ እንዲህ ቢበን ኖሮ ለምኜ እበላ ነበር አሉ። ኢድሪስን በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። ያን ዕለትም ረይስ፣ ማለት የሠራተኞቹ አለቃ አደረጉት፤ ምድጃው ሲከፈት መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ የኖራውን መብሰል የሚያየው ረይሱ ነው። ሰዓዳ እጄን ሳመችኝ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ያን ሰሞን ስሄድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ኢድሪስ ትልቅ ሐብሐብ ተሸክሞ መድኃኒት ቤት መጣ። ሰዓዳ አልነበረችም። ሐብሐቡን አስቀምጦ ትንሽ ቆመና፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይስቁብኝ» አለ።

«ጠይቅ።»

«አሮጌዎቹ ሠራተኞች ነፋስ በሌለ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ አትውረድ ይሉኛል። ጂን ይቀመጥበታል አሉ። ድሮ አንድ ሰው ወርዶ እንደተኛ ቀርቷል። እውነት ይሆን?»

ሳቅኩ። እንዳልስቅ ለምኖኝ ሳቅኩበት። «ኢድሪስ! ሐጁን በሳይንስ ረትተህ አሁን ጂን ትፈራለህ? የሰው ወሬ ነው፤ አሮጌዎቹ ሥራውን ላንተ መልቀቅ አልፈለጉም» አልኩት። እሱም አፍሮ ሳቀ፤ «ኸላስ፣ በቃ አልፈራም» ብሎ ሄደ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደሚከብድ፣ እንደ ውሃ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ እንደሚተኛ አውቅ ነበር። ደሴ ለተማሪዎቼ ሻማ ላይ እያፈሰስኩ አሳይቻለሁ። ያን ቀን ግን ያ እውቀትና የኢድሪስ ጥያቄ በጭንቅላቴ ውስጥ አልተገናኙም። እንዴት እንዳልተገናኙ አርባ ዓመት አስቤበት አላገኘሁትም።

ሁለት ወር ያህል ሆነ። ዓርብ ነው፤ ረይሱ ዓርብም ስለሚሠራ ከትምህርት በኋላ ሰዓዳ ለወንድሟ ምሳ ልታደርስ ስትል አብሬያት ሄድኩ። ሙቀቱ የሚያፍን ነበር፤ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሊነሳ ሲል አየሩ ቀጥ የሚለው ነገር አለ፣ የኒም ዛፍ ቅጠል አይነቃነቅም። ምድጃው በጡብ የተሠራ እንደ ወፍራም ማማ ያለ ነው፤ ድንጋዩና ከሰሉ ከላይ ይጨመርበታል፣ ኖራው ከታች በአፉ ይወጣል። አፉ ያለው ከመሬት ዝቅ ብሎ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል። ስንደርስ ኢድሪስ መሰላሉ ላይ ነበር። አየንና እጁን አነሳ፤ «መጣሁ፣ አንድ ጊዜ ልየው» አለ፤ ወረደ።

ሰዓዳ ምሳ ዕቃውን ጥላ ስር አስቀመጠች። እኔ ከሠራተኞቹ ጋር ሰላምታ ጀመርኩ። ከታች የወደቀ ነገር ድምፅ ሰማን፤ ከባድ አልነበረም፤ ጆንያ እንደማስቀመጥ ነው። ሄደን ስናይ ኢድሪስ በግንባሩ ተደፍቷል። አንዱ ሠራተኛ ስሙን እየጠራ መሰላሉን ያዘ፤ ሦስት እርከን ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው፤ ሌሎቹ በጀላቢያው አንቀው ጎትተው አወጡት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀት ለኩሼ ወደ ጉድጓዱ ጣልኩ፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጠፋ። «ማንም አይውረድ!» ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ ነው የጮህኩት፣ ዓረብኛው ከአፌ ጠፍቶ። ሰዓዳ መሰላሉ ጋ ደርሳ ነበር። ወገቧን ያዝኳት።

«ልቀቁኝ! ወንድሜ ነው፣ ልቀቁኝ ኡስታዛ!»

«ከወረድሽ ትሞቻለሽ! እዚያ የሚተነፈስ አየር የለም!»

«እሱስ?»

ክንዴን ነከሰችው፤ አልለቀቅኳትም። ቀጭን ልጅ ናት፣ ግን የዚያን ቀን ጉልበቷ የሁለት ወንድ ነበር። አንዱ እርጥብ ጨርቅ አፉ ላይ አስሮ ሊወርድ ሲል፣ አይረዳህም፣ ጨርቅ ይህን አያግድም ብዬ ከለከልኩ። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ሐጁን የረታች ኡስታዛ ናት፣ ታውቃለች። አውቃለሁ። የማውቀው ግን ማን መውረድ እንደሌለበት ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ከሰል የሚጎትቱበት ረጅም ቆልማማ ብረት አምጥተው ቀበቶው ላይ አያያዙትና ሳቡት። ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ሳልል አፉ ላይ አፌን ገጥሜ ትንፋሽ ሰጠሁት፤ ከንፈሩ ኖራ ኖራ ይላል። ደረቱ በኔ ትንፋሽ ይነሳል፣ እኔ ሳቆም ይወርዳል። ሐጁ መጥተው ትከሻዬን ነኩኝ፤ «ኸላስ፣ ያ ቢንቲ፣ ኸላስ» አሉ፤ በቃ፣ ልጄ። ነፋሱ የመጣው ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ አቧራ ይዞ፣ በር እየገነጠለ።

እዚያው ባሕሪ ቀበርነው። ሰዓዳ ለቅሶ ላይ አላየችኝም፤ ፊቷን አዞረች። ወደ ክፍል አልተመለሰችም። የምትሠራበት ቤት ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ በመጀመሪያው አልወጣችም፣ በሁለተኛው ሥራ ለቃ ኦምዱርማን ገብታለች አሉኝ። ቤቴ ተቀምጬ ያሰላሁትን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጉድጓዱን በዓይኔ ለካሁት፤ ስድስት ሜትር ኩብ ቢሆን ነው። ያን ለመሙላት አሥራ ሁለት ኪሎ ጋዝ ይበቃል። አሥራ ሁለት ኪሎ ጋዝ ደግሞ ከሃያ ሰባት ኪሎ ድንጋይ ይወጣል። ምድጃው ውስጥ በኩንታል የሚቆጠር ድንጋይ ሲነድ፣ ለኢድሪስ የበቃው አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከመው ነበር። ይህን ሒሳብ ሁለት ወር ቀድሜ፣ ሐብሐቡ ጠረጴዛዬ ላይ ሳለ፣ በአምስት ደቂቃ መሥራት እችል ነበር። ዓርብ ዓርብ ማስተማሩን አንድ ዓመት ገፋሁበትና ተውኩት። ልጆቹ ደክሟት ነው ብለው አሰቡ።

ዘመኑ ሄደ። ፓውንዱ ስንት ጊዜ ተለወጠ፣ ሰው የሚጭነው የቦክስ ፒክአፕ ቀርቶ ሃፍላ የሚሉት ሚኒባስ መጣ፣ እኔም በዚሁ መድኃኒት ቤት አርጅቼ ጡረታ የሌለው ጡረታ ወጣሁ። ከተማዋ ስትቃጠል ወጥቼ፣ ፀጥ ሲል ተመለስኩ። ባለፈው ወር ለግፊቴ ሶባ ያለው ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረኝ። ከሱቅ ዐረቢ ሃፍላ ተሳፈርኩ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ያውም በየፍተሻው እየቆመ። አጠገቤ ቡናማ ቶብ የለበሰች ሴት በፌስታል ልብስና ቴርሞስ ይዛ ተቀመጠች። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ በአማርኛ፣ «ኡስታዛ ነዎት?» አለችኝ። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«ሰዓዳ» አልኩ።

ልጇ ወልዳ ልታያት እየሄደች ነው። ሱዳናዊ ሹፌር አግብታ ሦስት ወልዳለች፤ ሰውየው ሞቷል። ይህቺ የወለደችው ልጇ ነርስ ናት። አማርኛዋ ከዓረብኛ ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ ቃል ሲጠፋት ወደ መስኮቱ ታያለች። «ብዙ ዓመት ጠልቼዎት ነበር» አለችኝ፤ «ወላሂ፣ በየሶላቱ እከስዎት ነበር። ባትይዘኝ ኖሮ አወጣው ነበር እያልኩ። አንድ ቀን ለልጄ ነገርኳት። እሷም ተምራዋለችና ጋዙን አስረዳችኝ። እማ፣ ብትወርጂ ኖሮ እኔ አልወለድም ነበር አለችኝ። ያን ጊዜ ተውኩት። አላህ ይስጥልኝ ልልዎ ስፈልግዎ ነበር፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ አጣሁ።» እጄን ይዛ ሳመችው።

ዝም ብል ይቻል ነበር። ሰባ ዓመቴን አልፌአለሁ፤ ይዤው ብሞት ማንም አይጠይቀኝም። ግን እጄ በእጇ ውስጥ እያለ መዋጥ አልቻልኩም። ነገርኳት። ስለ ሐብሐቡ፣ ስለ አሮጌዎቹ፣ ስለ ጂኑ፣ ጠይቆኝ እንደሳቅኩበት፣ አልፈራም ብሎ እንደሄደ። በዝግታ ነገርኳት፤ ያልገባት ቃል ሲኖር በዓረብኛ ደገምኩላት።

እጄን አልጣለችውም፤ ጭኔ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ሃፍላው ሁለት ቦታ ቆሞ ሰው አወረደ። ከፊታችን ያለ ሰውዬ ስልክ ላይ ስለ ሲሚንቶ ይጮሃል።

«አሁን ለምን ነገሩኝ?» አለች።

«አላውቅም።»

«እኔ እኮ ጨርሼው ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ሰዓዳ።»

«እንደገና ለመጥላት አቅም የለኝም። የልጅ ልጅ ላይ ነኝ።» ይህን ስትል አልቆጣችም፤ ከሥራ የገባ ሰው ደከመኝ እንደሚለው ነው ያለችው። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ሁለታችንም ወረድን። ፌስታሉን ልያዝልሽ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ወደ ወሊድ ክፍል በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄደችና ቆመች፤ ዞረች።

«ስምዎን አላውቀውም» አለች። «ሁልጊዜ ኡስታዛ ነበር የምንልዎ። ስምዎ ማነው?»

«ሙሉነሽ» አልኳት።

«ሙሉነሽ» ብላ አንድ ጊዜ ደገመችው፤ እንዳይጠፋት እንደምትይዝ ሰው። ለዱዓ ይሁን ለክስ አልነገረችኝም። እኔም ሳልጠይቃት ገባች።